የሊማሊሞው ሾፌር የአቶ ይግዛው ገብረ ኪዳን የሕይወት ታሪክና የተሸከሙት ድንጋይ

አቶ ይግዛው ገብረ ኪዳን ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ኪዳን ዋሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺወርቅ ያርጋል በ1924 ዓ.ም. ከዳባት ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ለክህነት አስበዋቸው ስለነበር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ነገር ግን የመኪናው መንገድ በመንደሩ ግርጌ ያልፍ ነበርና ጆሯቸው ከንባቡ ይልቅ ዳገት ወደሚወጣው ሞተር ያደላ ነበር። አባታቸውም «ይህ ልጅ የመኪና ዲያቆን ሊሆን ነው» ይሉ እንደነበር ይነገራል።

እንደተባለውም በ1941 ዓ.ም. በረዳትነት ተቀጥረው፣ በ1947 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው ሾፌር ሆኑ። በ1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጤናዬ ጋር በቁርባን ተጋብተው አበባየሁን፣ ክንዴንና ፋንታዬን ወለዱ። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሲነዱ ከመጀመሪያው ኩርባ ላይ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። ለምን ሲባሉ፣ «ደመና ከበታቼ ሲሆን ቤተ መቅደስ የገባሁ ይመስለኛል» ይሉ ነበር።

በኅዳር 1971 ዓ.ም. ገብስ ጭነው ሲወርዱ ፍሬን አልይዝ አላቸው። መሪውን ከገደሉ አሽሽተው ወደ ተራራው ጠመዘዙት፤ መኪናው በጎኑ ተኛ። ጭነቱ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ የአንዱ ክንድ ተሰበረ። ሰው አልሞተም። ይህ ተደግሞ ይነበብ፤ ሰው አልሞተም።

የኢንሹራንስ መርማሪ ይመጣል የተባለ ጊዜ ግን ተጎጂው በዛ። አንዲት ሴት ቅል ሙሉ ቅቤ ፈሰሰብኝ አለች። አንዱ ካቻምና ከዛፍ ወድቆ የተሰበረ እግሩን እንደ አዲስ ጠቅልሎ መጣ። ነበርን ያሉት ሁሉ በእውነት ተሳፍረው ቢሆን መኪናው ከደባርቅም ባልወጣ። መርማሪው አቶ ይግዛውን ቢጠይቃቸው ሳቁ። «ድሆች ናቸው፤ ነበሩ ብለህ ጻፍላቸው። ከመንግሥት ጋን አንድ ጭልፋ ቢጨለፍ ምን ይጎድላል?» አሉ። ዕድሜያቸውን የበላችው ያቺ ሳቅ ናት።

በዚያው ሳምንት ደምለው የተባለ ገበሬ ከሁመራ የሰሊጥ አጨዳ ይዞት በመጣው ወባ ሞተ። እንኳን ሊሳፈር፣ ከታመመ ወዲህ ከመደቡ አልወረደም። ታላቅ ወንድሙ ውዱ ግን ለነፍስ ከቅቤ የበለጠ እንደሚከፈል ሰምቶ ነበርና «ወንድሜ ከመኪናው ወድቆ ሞተ» ብሎ ከሰሰ። ነበርን ያሉት ሁሉ ለምስክርነት ተጠሩ። ደምለውን አላየነውም ቢሉ «እናንተስ የት ነበራችሁ?» መባል ይመጣል። ስለዚህ አዩት። ሲወድቅ የጮኸውን ጩኸት የሰማም ተገኘ። ዳኛው አቶ ይግዛውን «ሌሎቹን ነበሩ ብለህ ይህን ብቻ አልነበረም የምትለው ስለ ሞተ ነው?» አሏቸው። አራት ዓመት ታሰሩ፤ ካሳውም ለሟች ቤት ተከፈለ።

በ1975 ዓ.ም. ሲፈቱ የሟች ወገን ደም አለን አለ። ሽማግሌዎች «ገድያለሁ በልና ደሙ ይድረቅ» ቢሏቸው «ያልገደልሁትን?» ብለው እምቢ አሉ። ከማኅበር ጽዋ ተለዩ። ለቀብር ሲሄዱ ቃሬዛ እንዳይነኩ ተከለከሉ። በ1977 ዓ.ም. አበባየሁ ታጨችና የወንድ ወገን «ደም ካለበት ቤት ልጅ አንወስድም» ሲል፣ አቶ ይግዛው ለወይዘሮ ጤናዬም ሳይናገሩ ወጡ። በሚካኤል ዕለት ሕዝብ ከቅዳሴ ሲወጣ ከአንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጀ ሰላሙ ላይ ተደፉ። «ደምለውን ገድያለሁ፤ ማሩኝ» አሉ። ውዱ ቆይቶ፣ ተለምኖ «ለእግዜር ብያለሁ» አለ። እልል ተባለ። ሠርጉም ሆነ። አቶ ይግዛው ግን ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጡም። ቃሬዛም ያዙ ቢባሉ አልያዙም። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ጭጋጉ ከሊማሊሞ ሲወጣ ያዩ ነበር።

ዘንድሮ በጉበት ሕመም ተኝተው ሳሉ የደምለው ሚስት ወይዘሮ ታንጉት ሊጠይቋቸው መጡ። ከግርጌያቸው ተቀምጠው «ባሌን የገደለብኝ ወባ ነው፤ እርስዎ መልኩንም አያውቁት። ካሳውን በልቻለሁ፤ ይፍቱኝ» አሉ። አቶ ይግዛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንዲህ አሉ፦ «ድንጋዩን በአደባባይ አሸክማችሁኝ በጓዳ ታወርዱልኛላችሁ? እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አንገቴን ግን ሰው ባለበት አቅኑልኝ።»

ወይዘሮ ታንጉት ይህ በስማቸው እንዲነበብ ፈቅደው፣ አሁን ከአበባየሁ አጠገብ ቆመዋል። ውዱም አለ። ምስክሮቹም አላችሁ፤ ስማችሁ ያልተጠራው አቶ ይግዛው «ልጆቻቸው እንዳያፍሩ ተዋቸው» ስላሉ ነው።

አቶ ይግዛው ግንቦት 11 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ከአበባየሁ የተወለደ አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል። ሰው አልገደሉም።

ድንጋዩ ከደጀ ሰላሙ በስተቀኝ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ያወረዱበት ቦታ ላይ አለ። ስትወጡ በአጠገቡ ታልፋላችሁ። ያለ ምስክር የሚፈርደው ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበል።