ለፋሲካው በግ የተከፈለ ዘር

ለምወድህ ወንድም ጋሼ ባይሳ፣ አስመራ

ናፍቆትህ ከቤታችን ሳይወጣ ጾሙ ሊያልቅ ደረሰ። እንዴት ከርመሃል? አካም ጅርታ? ባለቤትህ አያንቱስ ሳሉ ለቀቃት ወይ? ልጆቹስ በረቱ? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በጤና አለን፤ ከጤናችን ሌላ ግን ደህና ነው ብዬ የምጽፍልህ ነገር አጣሁ።

ለበዓሉ የላክኸው ሠላሳ ብር ደርሶኛል። የአያንቱ ወላጆች ከተፍኪ መጥተው ከእኛ ጋር እንዲፈስኩ አባባ በጥምቀት ጠርተዋቸው ስለነበር፣ ከሁሉ አስቀድመን በግ ልንገዛ ቅዳሜ ሰበታ ገበያ ወጣን። ቤንዚን ከተወደደ ወዲህ ሁሉም ነገር አብሮ ተሰቅሏል። ገበያው በሰው ሞልቶ ጫጫታ ግን አልነበረውም፤ ሰዉ ዋጋ ይጠይቅና ዝም ብሎ ያልፋል።

የአባባን አብሮ አደግ ኦቦ ኩምሳን ታውቃቸዋለህ፤ በግ ከእሳቸው በቀር ከማንም ገዝተን አናውቅም። ብሩን ሳወጣ እጄን ቀስ አድርገው መለሱትና፣ ባለፈው ሁለት በግ ሸጬ በብሩ እህል ልገዛ ብሄድ የአንዱን ያህል እንኳ አላገኘሁም፣ ልጄ፤ ወረቀት አልቀበልም፣ ጤፍ ካላችሁ ግን በጉ የእናንተ ነው አሉኝ።

አባባ አልተቆጡም። ቤት ተመልሰው አህያውን ጭነው መጡ። ጆንያውን ሳየው ከየት እንደወጣ ገባኝ፤ ጓሮ ካለችው በጭቃ ከታሸገችው የዘር ጎተራ ነው። ጠጋ ብዬ፣ አባባ፣ ለሐምሌ ምን ልትዘሩ ነው ብላቸው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ አማቾቼን በሽሮ አላስፈስክም፤ በባይሳ ብር ዘር ትገዢያለሽ አሉኝ።

ሰኞ ብሩን ይዤ እህል ነጋዴው ወንዳፍራሽ ዘንድ ሄድኩ። መጋዘኑ እስከ ጣራው ሞልቷል፤ በበሩ ክፍተት አይቼዋለሁ። እሱ ግን ደጁ ላይ ቆሞ፣ እስከ ዳግም ትንሣኤ አልሸጥም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዋጋ እግዜር ያውቃል አለኝ። እጥፍ ልክፈል ብለው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ነጋዴ ብር እምቢ ሲል ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ስመለስ ከወሎ ተሰዳ የመጣች እናት መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ስሙኒ ብሰጣት መልሳ እጄ ላይ አኖረችውና፣ የሚበላ የለሽም ወይ እህቴ፣ ይህንንስ የሚቀበለኝ አጣሁ አለች።

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም ነበር። ትናንት ግን ጓሮ ወጥታ ጎተራዋን በመዳፏ መታ መታ ስታደርግ አየኋት። ባዶ ድምፅ ሰጠቻት። ከዚያ ገብታ ለእንግዶቹ ቤቱን መጥረግ ጀመረች።

ብሩ እስካሁን እጄ ላይ ነው። ከቻልክ ሰኔ ሳይገባ ብቻህን ብቅ በልና ዘሩን የምናገኝበትን አብረን እንፈልግ። ልጆቹን ይዤ ክረምቱን እመጣለሁ ያልከውን ለዘንድሮ ተወው፤ መጥተው የምናበላቸው እንዳናጣ ፈርቻለሁ።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ስለ ዘሩ እንዳልሰማህ ሆነህ ጻፍላቸው። አያንቱን ሰላም በልልኝ፣ ወላጆቿን በክብር እንቀበላለንና ሐሳብ አይግባት። ልጆቹን ሳምልኝ። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ እንዲህ ብለሽም ጻፊለት ብላኛለች፦ ደመወዙን በተቀበለ ቀን፣ ሳያሳድር እህል ይግዛበት።

እህትህ ተረፈች ዳዲ
ሰበታ፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.