እማን ከገደል ያስቀራት ድሩ

ለውድ ወንድሜ ሞንጂ፣

ሰላምና ጤና ካንተ አይራቅ። እንዴት ነህ? ሳልህ ተሻለህ? የጄኖቫ ብርድ አጥንትህ ድረስ አልገባም? ያ አብሮህ የሚኖረው ሰውዬ አሁንም እያንኮራፋ ይረብሽሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። እማም አለች። «አትጻፊለት» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን አልቻልኩም፤ ተረጋግተህ አንብብ።

ዝናብ ከራቀን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ገብሱ ዛላ ሳይዝ ደረቀ። የድሩ ቁጥቋጦ ብቻ፣ እንደምታውቀው፣ የባሕሩን ጨው እየላሰ ለምልሟል፤ ዘይት የምናወጣበት ፍሬውም ጥቁር ብሎ አምሯል። እንግዲህ እማ ትቀመጣለች?

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከረጢቷን ይዛ ቀዩ ገደል ወጣች። ከሸለቆው ወዲህ የእኛ መልቀሚያ፣ ወዲያ የአክስት ማናና መሆኑን አትረሳም። ለሠርግህ ፋቲሓ ተቀርቶ፣ ሂና ተበጥብጦ፣ እጮኛህን፣ ልጇን ረብሓን ጥለህ መርከብ ከተሳፈርክ ሰባት ዓመት ሆነ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለቱ እናቶች ፊት ለፊት ፍሬ እየለቀሙ ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም።

እማ በባሕሩ በኩል ያለውን ፍሬ ስትመኝ የረገጠችው ድንጋይ ከዳት። ቁልቁል ስትንሸራተት ከገደሉ ወገብ ላይ የበቀለ አንድ ድሩ ቀሚሷን ይዞ አስቀራት። ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች። ከሥሯ አለትና ባሕር ብቻ ነበር።

ከላይ «ማነሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። ጩኸቱን ሰምታ ሸለቆውን ተሻግራ የመጣችው አክስት ማናና ናት።

እማም «እኔ ነኝ፤ የሞንጂ እናት» አለች።

አክስት ማናና ጎንበስ ብላ ትኩር አድርጋ አየቻት። እማ «ከመውደቁ ይልቅ ያ አተያይዋ አስፈራኝ» ትላለች። ከዚያ «የዚያ ከሃዲ እናት ከሆንሽማ ጥብቅ አድርገሽ ያዢ፤ ሳልሰድብሽ እንዳትሞቺብኝ!» አለቻት።

ረጅሙን መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ ከላይ ካለው የድሩ ግንድ ጋር አሰረች፤ ሌላውን ወረወረችላት። ሥሩ አለት ውስጥ የገባ ነውና ንቅንቅ አላለም። እየሰደበች ጎተተቻት፤ እማም እያለቀሰች ወጣች። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሎ ስለነበር በአህያዋ ጭና በራችን ድረስ አመጣቻት። አባ «ግቢ እንጂ» ቢላት «ለአህያዬ ውሃ ስጥልኝ» ብላ ደጅ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ጨነቀን። የተለቀመ ፍሬ ከሰነበተ ይሻግታል፤ እማ መቆም አትችልም፣ እኔም ብቻዬን ረግጬ አልዘልቀውም። አክስት ማናና ሳትጠራ መጣች። እግሯን ታጥባ ፍሬው የተዘፈዘፈበት ገንዳ ውስጥ ገባችና እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ረገጠችው። እማ ዱካ ላይ ተቀምጣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በእጇ ትገፍፍ ነበር።

ስምህን ያነሳችው እማ ናት። ቀና ሳትል «በድሎሻል ልጄ» አለች። አክስት ማናና መርገጧን ሳታቆም «ረብሓስ ጥሩ ባል አግብታ ሁለት ወለደች። እኔን ያቃጠለኝ መሄዱ አይደለም። ከእጄ ሲበላ ያደገ ልጅ በሬን አንኳኩቶ ‹አልሆነልኝም› ማለት አቃተው?» አለች።  የዚህ መልስ ያለው አንተ ጋ ነው።

በአጎታችን ልጅ እጅ ሁለት ጠርሙስ የድሩ ዘይት ልኬልሃለሁ። አንዱ ከእማ ነው። ሌላውን አክስት ማናና ራሷ ሞላችው፤ «ለሳሉ ይሁነው። ይቅር ብዬው ግን አይደለም» ብላለች። ጻፍላት፤ በስሟ፣ ለእሷ ብቻ። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነብላታለሁ፤ አንድ ቃል አልጨምርልህም።

አባ «ሹራብ ልበስ» ይልሃል። እማ ዐይንህን ትስማለች፤ የእግሯ እብጠትም ጎድሎላታል። እህታችን ነጅያ ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። አክስት ማናና ሰላም በይልኝ አላለችም። ይህን ስጽፍ ግን አጠገቤ ተቀምጣ «ገና አልጨረስሽም?» ብላ ሁለቴ ጠይቃኛለች።

እህትህ ሰሉሓ
ነፍዛ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1998