ጿሚዎቹ ጥዶች

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

በገዛ ቤቴ የወጥ ቤት ሚዛን ተከለከልሁ። ማርታ "አፈር በነካው ሚዛን ዱቄት አልመዝንም" ብላ ቆለፈችበት። አፈር ንጹሕ ነገር ነው፣ እኛም የተሠራነው ከእሱ ነው ብላት፣ "እንግዲህ ስትመለስበት ትመዝነዋለህ" አለችኝ። ሚስት እንዲህ አፏ ሲፈታ ባል ምን ይቀረዋል። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሌላ ሚዛን ገዛሁ። መርፌው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እኔም እንቀጠቀጣለሁ፣ ተስማምተናል።

አፈር የምመዝነው አብጄ አይደለም። የእህቴ ልጅ ሕሊና ዩኒቨርሲቲ ስለ ደን ታጠናለች። እዚህ ከተማ፣ አስኮት ቬል ሰፈር የተከራየችው ፍላት መዳፍ የምታህል መሬት ስለሌለው፣ ችግኞቿን ከከተማው ዳር፣ ክሬጊበርን፣ እኔ ጓሮ አስቀምጣ ወደ ሰሜን ሄደች። እዚያ ከበረሃው ጥግ ያለውን የጥድ ደን ዛፍ በዛፍ እየዞረች ትቆጥራለች። የምትመለሰው የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው።

የዚህ ፈረንጅ አገር ሰው ዛፉን ፓይን ይለዋል። ቅጠሉን አሽቶ ያሸተተ የእኛ አገር ሰው ግን ጥድ መሆኑን ያውቃል። ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁት መጽሐፍም የጥድ ዘመድ ነው ይላል። ግኝቴን ለሕሊና ብነግራት "አይ ኖው፣ ጋሼ" አለች። ይህች ልጅ አንድ ቀን እንኳ እንዳስደንቃት ብትፈቅድልኝ ምን አለ።

ሁለት ትሪ አለ። በእያንዳንዱ ላይ አሥራ ሁለት ችግኝ። ስድስቱ ዘራቸው ዝናብ ከራቀው ከሰሜኑ አሸዋ የተለቀመ፣ ስድስቱ ዝናብ ከሚያገኘው ከደቡቡ ኮረብታ። አንዱ ትሪ በየቀኑ ይጠጣል። ሌላው እሷ እስክትመለስ ጠብታ አይቀምስም። እኔ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እያንዳንዱን መዝኜ እጽፋለሁ። ያልጠጣ መቅለል እንጂ መክበድ አይችልም። ከሁለቱ ዘሮች ጥሙን የሚችለው የትኛው እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ሥራው ይኸው ነው።

አንደኛውን ትሪ ጠጪዎች፣ ሁለተኛውን ጿሚዎች አልኋቸው። ትናንት ደግሞ ሰይጣን ገፋፋኝና በጿሚዎቹ መለያ ጀርባ ስም ጻፍሁባቸው። ማርታና የጸሎት ጓደኞቿ በዚህ ሳምንት እኛ ቤት ይጾማሉ፣ አሥር ሴቶች ናቸው። አሥሩን ስማቸውን ሰጠሁ። አሥራ አንደኛውን ፓስተሩ አልሁት። የመጨረሻውን፣ ቀጭኑን፣ ግርማ አልሁት፣ ራሴን። ሴቶቹ ዛሬ ሲያዩት በሳቅ ሞቱ። እትዬ አልማዝ ብቻ ጎንበስ ብለው ስማቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። "እኔን ከዳር ነው ያቆምከኝ?" አሉኝ።

ሕሊና አታውቅም። ቁጥሮቹ ከፊት በኩል እንዳሉ ናቸው። ምንም አልጎዳሁም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ሙቀቱ ከአርባ አልፏል። ትራሙ ሐዲድ ላይ ይቀልጣል የሚል ቀልድ ነበረኝ፣ ለመናገር እንኳ አፌ ደረቀ።

ጠዋት ስመዝን ከጿሚዎቹ ሰባቱ ከብደዋል። ሦስቴ መዘንሁ። ከበዱ። ሚዛኑን አራገፍሁት፣ በጨርቅ ጠረግሁት፣ አሁንም ከበዱ። ጥፋቱ የዚህ አሮጌ ብረት ነው። ማርታን የወጥ ቤቱን ሚዛን ለአንድ ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኋት። ሊጡን ከጨረስሁ በኋላ አለች። በኋላ ደግሞ ጸሎት ተጀመረ።

በደብተሩ ላይ ባዶ ቦታ መተው አልወደድሁም። ትናንት ከነበረው ላይ ጥቂት ጥቂት ቀንሼ፣ መሆን የነበረበትን ጻፍሁ። ሚዛኑ ቢሠራ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቤት እባረራለሁ። በጸሎት መሃል ስለማስቃቸው ነው። እኔ አይከፋኝም፣ ስኳር ስላለብኝ ከጾሙ ነጻ ነኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ይቀዘቅዛል። ስለ ጥዱ አነበብሁ። አዲስ ችግኝ ከመሬት ብቅ የሚለው ዝናብ የደጋገሙ ጥቂት ዓመታት ሲመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ በደኑ ውስጥ እኩዮች ተሰብስበው ይቆማሉ፣ እንደ አንድ ክፍል ተማሪዎች። ከዚያ ደግሞ ብዙ ዓመት ማንም አይወለድም። የሚወለደውንም ጥንቸል ይበላዋል። ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ቆመው ይጠብቃሉ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ስለ ዛፍ ማንበቤ ነው ብዬ ነበር።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

ዛሬ አሥሩ ከበዱ። ሁለቱ ቀለሉ፣ ፓስተሩና ግርማ።

ሚዛን ቢበላሽ አሥሩን ብቻ መርጦ ይበላሻል? ይህንን አሰብሁት። አስቤ ሳበቃም እንደ ትናንቱ ቀንሼ ጻፍሁ። ለምን እንደጻፍሁ አላውቅም። ትናንት ስለጻፍሁ ይመስለኛል።

ማታ ሕሊና ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥታለች፣ ነፋሱ ይሰማል። ስለ ደኑ አወራችኝ። ባለፈው ረጅም ድርቅ ብዙ ሽማግሌ ጥዶች ደርቀዋል። ከሥራቸው የነበረው ሌላው ሁሉ አብሮ ሳስቷል፣ ቁጥቋጦው፣ ሣሩ፣ ወፉ። "አንዱ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፣ ጋሼ" አለች። ደከመኝ አትልም እንጂ ድምፅዋ ደክሟል።

ከዚያ "ዌይታቸውን መዘንህልኝ አይደል? አንብብልኝ" አለች።

አነበብሁ። የራሴን ቁጥር፣ አንድ በአንድ።

ሰምታ ስትጨርስ መሳቅ ጀመረች። የደቡቡም የሰሜኑም በዚህ ሙቀት ይህን ያህል ብቻ ይቀንሳሉ ብላ እንዳልጠበቀች ነው የነገረችኝ። "ይችላሉ ማለት ነው። ዩ ዶንት አንደርስታንድ፣ ጋሼ፣ ይችላሉ።" ሰኞ ከአስተማሪዋና እዚያ ደኑን መልሰው ከሚተክሉት ሰዎች ጋር ስብሰባ አላት። ለመጪው ዝናብ የትኛውን ዘር እንደሚዘሩ የሚወስኑት ያን ቀን ነው። የደቡቡም ዘር ይሁን ልትላቸው ነው። የሁለት ዓመት ልፋቷ በዚህ ይቋጫል።

"ቆይ፣ ሕሊና" ልል አፌን ከፈትሁ። "ጋሼ፣ አይ ላቭ ዩ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው" አለችና ተቋረጠ።

እራት አልበላሁም። ማርታ ግንባሬን ነካች። ስኳሬን ለካሁ፣ ደህና ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ጠዋት ስመዝን አሥሩ እንደገና ከበዱ፣ የዛሬውን ቦታ ባዶ ተውሁት። በኋላ መነጽሬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስሁ። በጎን በር ገብቼ ጓሮውን አየሁ።

እትዬ አልማዝ ጥላው ሥር ጎንበስ ብለው፣ በእጃቸው ብርጭቆ ይዘው፣ ስማቸው ያለበትን ችግኝ ያጠጣሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። ከአስኮት ቬል በባቡር የመጡ፣ ራሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

አልደነገጡም። "እኔ ለጌታ ብዬ ተጠማሁ። እሷ ለማን ብላ ትጠማለች?" አሉኝ።

"የሕሊና ሥራ ነው እኮ። እንዳይጠጡ ነው።"

"እና የእኔን ስም ለምን ጻፍክበት? ስሜ አንገቱን ደፍቶ ሲደርቅ ቆሜ ልይ?"

ሌላ ማን እንዳጠጣ ጠየቅኋቸው። ብርጭቆውን እያራገፉ፣ "ማን ያላጠጣ አለ?" አሉኝ።

አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። መሬቱ ያቃጥላል፣ አልተነሣሁም። ሚዛኑ አልተበላሸም። ያ ምስኪን አሮጌ ብረት ለሦስት ቀን እውነቱን ሲነግረኝ ነበር፣ ውሸታም ያልሁት እሱን ነው። እነዚህ ሴቶችም ምንም አላጠፉም። የተጠማ አይተው አጠጡ። ችግኙ ቁጥር ብቻ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለሳቅ።

ሕሊና የደቡቡ ዘር ይችላል ብላ ትናገራለች። ይዘሩታል። አድጎ፣ ክረምት አልፎ፣ በመጀመሪያው ከባድ በጋ ደርቆ ይቆማል። ያን ጊዜ ማንም ጋሼ ግርማ አይልም። ሕሊና ነው የሚሉት።

አሥራ አንድ ጊዜ ደወልሁ። ስልኩ ዝግ ነው።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17

አሁንም ዝግ። ሬዲዮው በሰሜን እሳት ተነሥቷል ይላል፣ መንገድም ተዘግቷል። ስሙን የጠሩት ቦታ የእሷ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ካርታ ላይ በጣቴ ለካሁ። የእኔ ጣት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል።

ባሕር ዛፍ ቢቃጠል ከግንዱ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ ጥድ ግን አይችልም፣ ከተቃጠለ ሞተ። ይህንን ማክሰኞ አንብቤ ጥሩ ነገር አወቅሁ ብዬ ነበር። ባላነበብሁት።

ለማርታ ሁሉን ነገርኋት። ቀልድ እየመሰላት እስከ መሃሉ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች። "ሴቶቹ ይምጡና ይናገሩ" አለች።

ዛሬ የጾሙ መዝጊያ ነበር፣ ምስክርነት የሚሰጥበት ቀን። እንደ ሌላ ጊዜ ስለ ፈውስና ስለ ሥራ አልመሰከሩም። ተራ በተራ እየተነሡ ያጠጡትን ተናገሩ። እትዬ አልማዝ ቀደሙ፣ "ሰኞ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በየቀኑ ሙሉ።" ሌላዋ የእጇን እጣቢ ውሃ ነው ያፈሰሰችው። ሌላዋ አምቦ ውሃ ስለነበረ ይቅርታ ጠየቀች። ጫልቱ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፣ ስልኳን አወጣችና፣ "ማክሰኞ ሁለት መቶ ሚሊ፣ ረቡዕ መቶ ሃምሳ። የጠጣ ሁሉ ይጻፋል፣ እኛ እንዲህ ነው የለመድነው" አለች። ግንባሯን ልስማት ነበር። ለሁሉም ቀኑንና መጠኑን ጻፍሁ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እኔም የምናገረው ነበረኝ፣ ስለ ሁለቱ ቀን ቁጥሮች። ውሃ ላምጣላችሁ ብዬ ወጣሁ። ወጥ ቤት ቧንቧውን ከፍቼ ቆምሁ። ማርታ እስክትመጣ ድረስ ውሃው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

ሕሊና አልደወለችም። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ልጄ እንዴት ናት?" አለችኝ። ደህና ናት አልኋት። ሌላ ያልመዘንሁት ቁጥር።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

ሌሊቱን ነፋሱ ዞረ፣ ጠዋት ቀዘቀዘ። ሰው ሁሉ መስኮቱን ከፍቷል። እኔ ስልኩን ይዤ ነው ያደርሁት።

አንድ ሰዓት ላይ መዘንሁ። ማርታ ሳልጠይቃት የወጥ ቤቱን ሚዛን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። በሁለቱም መዘንሁ። ልዩነት የላቸውም።

የማክሰኞንና የረቡዕን ቁጥሮች በቀይ ከበብሁ። ከጎናቸው "እነዚህን አልመዘንኋቸውም፣ ፈጥሬ ነው የጻፍኋቸው፣ ግርማ" ብዬ ጻፍሁ። አንድ መስመር ነው። ለመጻፍ ግን ጠዋቱን ሙሉ ወሰደብኝ።

ጿሚዎቹን አየሁ። አሥሩ ሴቶች አረንጓዴ ናቸው፣ ሰሜኑም ደቡቡም፣ ስለ ጥም ምንም አይናገሩም። በእውነት የጾሙት ሁለት ብቻ ናቸው። ግርማን ማንም አላጠጣውም። ማርታን ለምን ብዬ ብጠይቃት "አንተ ጠምቶህ ዝም ብለህ ታውቃለህ? ሰው ትጠይቃለህ ብዬ ነው" አለችኝ። ፓስተሩን ደግሞ ሁሉም፣ ሌላዋ ታጠጣዋለች ብለው፣ ተዉት።

የሁለቱን መለያ ገለበጥሁና ቁጥራቸውን አነበብሁ። ግርማ የደቡብ ነው፣ ዝናብ ከሚያገኘው ኮረብታ። ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፣ ስነካው ተሰባበረ። ፓስተሩ የሰሜን ነው። ጫፉ ትንሽ ገርጥቷል እንጂ ቆሟል። ሁለት ችግኝ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ሕሊናም ይህንኑ ነው የምትለኝ። ግን በዚህ ጓሮ ያልዋሸ ነገር ከሁለቱ ሌላ የለም።

ከሰዓት በኋላ። ስም ያለባቸውን መለያዎች አውጥቼ ቁጥር ብቻ ባለባቸው አዲስ መለያዎች ተካኋቸው። አሥራ ሁለቱ ስሞች ኪሴ ውስጥ ናቸው።

ፖሊስ ልደውል ወይስ ላስተማሪዋ? ለፖሊስ ምን እላለሁ፣ ጥድ የምትቆጥር ልጅ ጠፋችብኝ?

የፊት በር ተደወለ። ማርታ ገበያ ናት፣ ሴቶቹም ዛሬ አይመጡም። ተነሥቼ በመጋረጃው አየሁ።

ሕሊና ናት። ረቡዕ ሳይደርስ። ፊቷ ጥላሸት ነው፣ ጸጉሯም እንደዚያው፣ ሁለት እጇም ባዶ ነው። የቆጠራ ደብተሯን አልያዘችም። ግን በእግሯ ቆማለች። ጌታ ይመስገን፣ በእግሯ ቆማለች።

"ጋሼ፣ ክፈትልኝ። ያንተ ጓሮ ያለው ብቻ ነው የቀረኝ" ትላለች በበሩ በኩል።

የክብደቱን ደብተር በብብቴ እይዛለሁ። በአንድ እጄ ፓስተሩን፣ በሌላው የደረቀውን ግርማ። በሩን በክርኔ እከፍታለሁ። መጣሁ ብያታለሁ።