አብረው የመጡ ብረቶች

ሐጎስዬ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ከልማድ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም ዳር ዳር እያለ ነው። እኔ ደህና ነኝ። አንተ ድምፄን ብትሰማ ግን ታውቅብኝ ነበር።

ሰፈራችን ሓድነት ያው ነው። ከፊታችን በነበረው ባዶ ቦታ የብረት ሥራ ቤት ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲፈጭ ይውላል። እኔ የምደነግጠው ድምፁ ሲቆም ነው። ልጃችን ከአዲስ አበባ ስትደውል ብቻሽን አትሁኚ ትለኛለች፤ ከማን ጋር እንደምሆን ግን አትነግረኝም።

ስለ ጭነት መኪናችን ልንገርህ። አንተ ካረፍክ ጀምሮ ግቢ ቆማ የዶሮ ማደሪያ ሆና ነበር። እንድሪስ፣ ያ ከአንተ ጋር እየተፈራረቀ ሲነዳት የኖረው የአገሬ ልጅ፣ በቀደም መጣና፣ እህቴ፣ ወይ እናንቀሳቅሳት ወይ እኔም ወሎ ልግባ አለኝ። እሱ ከሄደ ተቆራርጣ ለብረት መሸጧ ነው። ስለዚህ አንተ ገዝተህ ሳትገጥመው ሸራ አልብሰህ የተውከውን ሞተር እንግጠምላት አልን። አያ ካሕሳይ መካኒኩም ከቁሓ መጣ።

ሞተሩ ገባ፣ ተነሣም። እልል ልል አፌን ስከፍት ማርሹ ተንቋቋ። ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ቢረገጥም አይለቅም። አያ ካሕሳይ ሥሯ ገብቶ ቆየና ወጥቶ አስረዳኝ፤ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው የአዲሱ ሞተር ሹካ ከድሮው ይለያል፣ ከፔዳሉ መጥቶ ሹካውን የሚገፋው የድሮ ዘንግ ደግሞ አጭር ነው፣ ገፍቶ አይጨርስም። በይዶ አስረዘመው፤ መጀመሪያው ዳገት ላይ ተቀነጠሰ። ሞተሩ የራሱ ዘንግ አልነበረውም ወይ ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ሁለት ሳምንት ያልጠየቅንበት ጋራዥ የለም። አንዱ ይረዝማል፣ የሌላው ጥርስ አይገጥምም። እኔም የመጣውን ዘንግ ሁሉ እየተቀበልኩ የጫፉን ጥርስ ስዳስስ ከረምኩ።

በመጨረሻ እንድሪስ ሊሰናበተኝ መጣ፣ ሻንጣውን ይዞ። በሩን ልከፍትለት መቀርቀሪያውን ብረት ስስብ ጣቴ ጫፉ ላይ ያለውን ጥርስ ነካ። መልሼ ዳሰስኩት።

ያኔ ትዝ አልከኝ። ሞተሩን ያመጣህ ቀን ሹካውን፣ ኩሽኔታውንና ዘንጉን በጎማ ቁራጭ አስረህ፣ «እነዚህ አብረው የመጡ ናቸው፤ እንዳትነጣጥያቸው» አልከኝ። እሺ አልኩህ፤ ልቤ ግን የጣድኩት ወጥ ላይ ነበር። አንተ እያለህ ይህ በር መቀርቀሪያ አላስፈለገውም፤ በበሩ በኩል የምትተኛው አንተ ነበርክ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የሄደ ቀን ፈራሁ፤ ከእስሩ ረጅሙን መዝዤ በበሩ ቀለበቶች መሐል ሰደድኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ተማምኜ ተኛሁ።

አልዋሽህም፣ መልሼ ልሰድደው አሰብኩ። እንድሪስ ከውጭ፣ እህቴ፣ ደህና ነሽ ወይ ይላል። ከፈትኩና ብረቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ብረቱን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ሻንጣውን መሬት አደረገ።

ገጠመ፣ ሐጎስዬ። ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። እንድሪስ በማግስቱ ጭነት ይዞ ወጣ። ያንተን መምጣት ከመታጠፊያው ጀምሮ በሞተሩ ድምፅ ነበር የማውቀው። የአሁኑ ድምፅ ሌላ ነው። መኪናችን ስትመጣ ሰምቼ፣ የሰው መኪና ነው ብዬ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

አሁን በሩን የምዘጋው አያ ካሕሳይ በቆረጠልኝ እንጨት ነው። ነፋስ ሲመጣ ይንቀሳቀሳል። የጎማዋን ቁራጭ ግን አልጣልኳትም፤ ቀለበቱ ላይ አስሬያታለሁ። ሲመሽ እንጨቱን ስሰድ እጄ ትነካታለች። ያን ቀን ያልሰማሁህን አሁን በየምሽቱ እሰማሃለሁ፤ እጄ አርጅቶ በር መዝጋት እስኪያቅተው ድረስ።

በዚያችው መኪና ከወልድያ ያመጣሃት፣
ዘውዴ