ማኅተምዎን ስለሚጠብቀው የመጨረሻ ፍሎፒ ዲስክ

ለተከበሩ የኩሮኢዋ ከተማ ከንቲባ፣

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤትዎ የቆመበት መሬት እንደምን ሰንብቷል? የእኛ የሦስተኛ ቀበሌ መሬት ደህና አይደለም። ባለፈው ወር የጎረቤቴን የአቶ ሙናካታን የፕሪም ዛፍ ከነሥሩ ውጦታል። ባለቤቴ ኢሳኩ እግሩ ከከዳው ወዲህ ከወለሉ አይነሳም፤ ጆሮውን ምንጣፉ ላይ ለጥፎ፣ «ታማዮ፣ ከሥራችን ጠጠር እየወረደ ነው» ይለኛል። እኔም «አይጥ ነው፣ ዝም ብለህ ተኛ» እለዋለሁ። አይጥ አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

የድንጋይ ከሰል ማውጫው ሲዘጋ መሐንዲሶቹ ከቤታችን ሥር የቆፈሩትን ዋሻ ሁሉ ካርታ ለእያንዳንዱ ቀበሌ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ ገልብጠው ለማዘጋጃ ቤትዎ አስረክበው ነበር። የቱ ጋ እንደሚደረመስ የሚናገር ሌላ ነገር የለንም። ስለ አያያዙም ምስጋናዬን እንዲህ አቀርባለሁ።

1. አዲሱ ኮምፒውተር የድሮውን ዲስክ ማንበብ አቅቶት «ይህ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም፤ ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ማለትም ሁሉንም ልደምስሰው ሲል፣ ሠራተኛዎ አቶ ኦቶናሪ በራሳቸው ሥልጣን «አዎ» ባለማለታቸው አመሰግናለሁ። ጥያቄውን በወረቀት አትመው፣ የቡድን መሪው፣ የክፍል ኃላፊው፣ ምክትልዎ፣ በመጨረሻም እርስዎ ማኅተም ካሳረፋችሁበት በኋላ ነው «አዎ» ያሉት። የአንደኛ ቀበሌ ካርታ በሕጋዊ መንገድ ጠፋ።

2. የሁለተኛ ቀበሌውም በዚያው ሥርዓት በመደምሰሱ አድልዎ እንደሌለባችሁ ተረድቻለሁ። ለምን እንደደገሙት ብጠይቃቸው አቶ ኦቶናሪ፣ «እማማ፣ አንዱ ጸድቆ ሌላውን ብንከለክል እኮ ምክንያት ጻፉ እንባላለን!» አሉኝ።

3. ዲስኩን ያለ ጥያቄ የሚያነበው የድሮ ኮምፒውተር በከተማው ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን «ከንብረት መዝገብ ስለተሰረዘ የለም» ብሎኛል። የሌለ ዕቃ ይህን ያህል አቧራ እንደሚጠጣ ስላስተማራችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን የቀረው የእኛው ዲስክ ነው። ወረቀቱም የሌሎቹን ማኅተም ጨርሶ ጠረጴዛዎ ላይ የእርስዎን ይጠብቃል።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ሩዝ ሳጥብ ውሃው ከሳህኑ በአንድ ወገን ብቻ ይፈሳል። ኢሳኩን ተሸክሜ መሮጥ አልችልም፤ ትቼው መሮጥም አልችልም። እባክዎ ማኅተሙን አይምቱበት። ዲስኩን ወደዚያ «ወደሌለው» ኮምፒውተር ይላኩልን።

እስከ ወለሉ ድረስ እጅ የምነሳ፣ ወለሉም ራሱ በየቀኑ ዝቅ እያለ የሚያግዘኝ፣
ታዛዥ ግብር ከፋይዎ
ሺጌኖ ታማዮ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ሳይደርስዎ ማኅተሙ አርፎ ከሆነ፣ ከኃላፊዎችዎ ጋር ጥቁር ልብስ ለብሳችሁ፣ ተሰልፋችሁ፣ አጎንብሳችሁ ይቅርታ ለመጠየቅ እንደምትመጡ አውቃለሁ። አደራዎን፣ ግቢያችን አትግቡ፤ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ አጎንብሱ። መሬቱ እኛን ሁለታችንንም የተሸከመው በጭንቅ ነው።