በቀን የተዘረጋው አጎበር፦ በሲስተር አገርነሽ ወልደ ገብርኤል ዕረፍት የተሰማን ሐዘን

የጣና ዳርቻ ነርሶች ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ አባል የነበሩት ሲስተር አገርነሽ ወልደ ገብርኤል ባደረባቸው የደንጊ ትኩሳት በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን ሐዘኑን የሚገልጽበት ቃል አጥቷል፤ ቃል ቢያገኝም ምን እንደሚጠቅም አያውቅም።

ሲስተር አገርነሽ በመሸንቲ ተወልደው፣ በነርስነት ከተመረቁበት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር ጤና ጣቢያዎች አገልግለዋል። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ሠራተኞችን መናኸሪያ ድረስ ሄደው ይቀበሉ ነበር። ያተኮሰው ሰው “ወባ የለብህም” ተብሎ ብቻ ሲሸኝ አይወዱም፤ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ አይለቁትም ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ከቆላ ተመልሶ ያተኮሰው ሁሉ በቀንም ጭምር በአጎበር ውስጥ እንዲተኛ የሚያደርገውን አሠራር ጀመሩ። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ እንደ ወባዋ ሌሊት አትጠብቅም። የምትራባውም በየግቢያችን በርሜል ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ ነው፤ የታመመውን ትነክስና ቆይታ ጤነኛውን ትነክሳለች። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ግን ትንኝ ሁሉ ከሐይቁ የሚመጣ ይመስለናል። ሲስተር አገርነሽ ይህንን ለዓመታት አስተማሩ፤ በርሜሉን የከደነ ጥቂት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ድሬዳዋ ሄደው የደንጊ ሕሙማንን ሲያስታምሙ ቆዩ። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ አተኮሳቸው። ዘንዘልማ በሚገኘው ቤታቸውም አጎበራቸውን በቀን ዘርግተው ተኙ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሐዘን መግለጫ ላይ ማስፈር የተለመደ አይደለም፤ እኛ ግን እናሰፍረዋለን። ጠያቂ በዛ። በአገራችን ታማሚ የሚጠየቀው እጁን ይዞ፣ ፊቱን እያዩ ነው፤ ሰውን በነጭ ጨርቅ ውስጥ ተጋርዶ ማየት ሟርት ይመስላል። ስለዚህ የመጣው ሁሉ በፍቅር አጎበሩን እየገለጠ አጠገባቸው ተቀመጠ። እሳቸውም “እኔስ አንዴ ታመምሁ፤ የፈራሁት ለእናንተ ነው፤ ኧረ መልሱት” እያሉ ይለምኑ ነበር። አቅም ሲያጡ መለመኑን ተዉ። አጎበሩም ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

መድማት ሲጀምራቸው ሆስፒታል ቢገቡም ሊተርፉ አልቻሉም። ደንጊ መሆኑን ያረጋገጠው የደም ምርመራቸው ውጤት የደረሰን ከቀብር ስንመለስ ነው።

ከባሕር ዳር ወጥታ የማታውቀው አንድያ ልጃቸው ዜማ አምባቸው ዛሬ እንደ እናቷ ትኩሳት ላይ ናት። በሽታው የራሱ መድኃኒት የለውም። ተስፋ አለ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን፤ የምናውቀውን ስለምናውቅ ግን አልደፈርንም። ከእሷ ቀጥሎ ማን እንደሆነም አናውቅም።

ለባለቤታቸው ለአቶ አምባቸው ቃለ ሕይወት፣ ለዘመዶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን፤ እኛ ራሳችን ባንጽናናም። ለሲስተር አገርነሽ ነፍስ ፈጣሪ ዕረፍትን ይስጥልን።

ለቅሶ ለመድረስ ወደ ዘንዘልማ የምትሄዱ ሁሉ ዜማን በእናቷ አጎበር ውስጥ ተኝታ ታገኟታላችሁ። በር ላይ ሆናችሁ አልቅሱ። አጎበሩን አትግለጡት።

የጣና ዳርቻ ነርሶች ማኅበር
ባሕር ዳር