ለደጉ የለቀቅከው ቦታ

ዳንግላ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጢሞቲዎስ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ እንዴት እንደሰነበትክ በዓይኔ አይቻለሁ። ከረባትህን አስረህ፣ አምሮብህ፣ ሰው ሁሉ ስምህን እየጠራ ሰነበትክ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ተናድጃለሁ። ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ዛሬም አልበረደልኝም። ትናንት ዘጠነኛ ክፍሎቹን ያለ ጥፋታቸው ጮህኩባቸው። እነሱ ምን አደረጉኝ?

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ብደውልልህ «ቤቲዬ» ትለኛለህ፣ አንድ ቀልድ ጣል ታደርጋለህ፣ እስቃለሁ፣ ከሳቅኩ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ከተጋባን ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ወረቀት ላይ ግን ልታስቀኝ አትችልም። ወገኔ የሚባለው ሾፌር ነገ ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ወደ ጫግኒ ስለሚወርድ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ እለዋለሁ።

መጀመሪያ የማታውቀውን ልንገርህ። ዝውውሬ ወጥቷል። አዎ፣ የኔ! ከዳንግላ ወደ ጫግኒ፣ አንተ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት። ከበዓሉ በፊት በነበረው ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠርተው ወረቀቱን ሰጡኝ። እስከ መስከረም 24፣ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ እንጅባራ ትምህርት መምሪያው ቀርቤ ካልፈረምኩ ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል። በስልክ ያልነገርኩህ ፊትህን ማየት ፈልጌ ነው። መስቀል ዓርብ ላይ ስለዋለ ሦስት ቀን አብረን ነን ብዬ ነበር። ቅዳሜ የደጉና የኦሪት ሰርግ ቢሆንም የዓርብ እራት የኛው ነው፤ ወረቀቱን ከሳህንህ ሥር አድርጌ እንደማላውቅ ዝም እላለሁ ብዬ አስቤ፣ ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሞኝ!

እናቴ ድሮውንም አልጣማትም ነበር። «በመስከረም ማን ይዳራል? ጭቃው እንኳ ሳይደርቅ ቆሰበር ድረስ ለሰርግ!» ስትለኝ፣ «እማዬ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ወር አይቆጥርም፤ ደግሞም የጢሞ ጓደኛ ነው» ብዬ ተሟገትኩልህ። አንተ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የምታውቀው ደጉ፣ ለኔም አምና ከጫግኒ ወደኛ ትምህርት ቤት ከተዛወረ ወዲህ ጓደኛዬ ሆኗል። የሚከራየውን ቤት ያፈላለግኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ምሳውን ያበላሁት እኔ ነኝ። ይህን አስታውስልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዓርብ እማዬ ቆሰበር የምትላት እንጅባራ መናኸሪያ ስደርስ ዝናቡ ይወርዳል። አንተ ከሦስት ጎረምሳ ጋር በሰው መኪና መጣህ። አቀፍከኝ፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ጃንጥላዬን ከእጄ ወስደህ ለኦሪት አክስት ያዝክላቸው። እሺ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። «ክፍላችን የት ነው?» ስልህ አንገትህን አከክህ። አንገትህን ካከክህ አልቆልኛል ማለት ነው፤ አሁንማ አውቀዋለሁ።

«ቤቲዬ፣ ከባሕር ዳር እንግዶች መጡና አልጋ ጠፋ። ክፍላችንን ለነሱ ለቀቅኩላቸው። አንቺ ከሴቶቹ ጋር እደሪ፣ ለአንድ ሌሊት ነው። እኔ እንደሆነ አንደኛ ሚዜ ነኝ፣ ከሙሽራው አልለይም።»

እኔም ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ወለል ላይ አደርኩ። በአዊኛ እየተጨዋወቱ ሲስቁ እኔ ቦርሳዬን ተንተርሼ ጣሪያ ቆጠርኩ። ለሙሽራው እራት ስታጎርስ ነው ያመሸኸው አሉ። የኔ እራት ዳቦ በሙዝ ነበር። ይሁን፣ ነገ አለ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት በኋላ ድንኳን ስንገባ አንተ ከላይ ከሙሽሮቹ ጎን ነህ፣ እኔን ከታች ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አስቀመጡኝ። አጠገቤ የነበሩት እትዬ እመቤት ይባላሉ፤ የኦሪት ዘመድ ናቸው፣ ጠዋት ከአዲስ ቅዳም የገቡ። ደግ ሴት ናቸው፤ ሥጋውን እየመረጡ ወደኔ ይገፉልኝ ነበር። ከዚያ ደጉ ማይክራፎን ያዘ።

የተናገረውን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል።

«ወገኖቼ፣ ይህ ሰርግ እንዴት እንደተደገሰ ልንገራችሁ። ካቻምና ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ የኦሪት ቤተሰቦች፣ ‹እሷ ዳንግላ፣ አንተ ጫግኒ፣ ይህ ትዳር አይባልም፤ ተዛውረህ ካልመጣህ ልጃችንን አንሰጥም› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዝውውር ጠየቅኩ። የኬሚስትሪ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ አንደኛ የወጣው ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ ይህ አጠገቤ ያለው ወንድሜ ጢሞቲዎስ ነው። እሱ ግን ስሙን አሰርዞ ለኔ ለቀቀልኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በሱ ነው!»

እልልታው ድንኳኑን ሊያነሳው ደረሰ። ፓስተሩ «አሜን» አሉ። አንተ አንገትህን አከክህ። እኔስ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? አጨበጨብኩ። እጄ ራሱ ነው ያጨበጨበው፣ እኔ አላዘዝኩትም።

እትዬ እመቤት እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደኔ ዞሩ። «ወይ መታደል! እንዲህ ያለም ሰው አለ? ግን ልጄ፣ ባለ ትዳር ነው አሉ። ሚስቱ ምን ያለች ብርቱ ብትሆን ነው እሺ ያለችው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ብርቱ ናት» አልኳቸው።

«ታውቂያታለሽ?»

«በሩቁ» አልኩ።

ጢሞ፣ አንደኛ የወጣኸው በምን እንደሆነ ረሳኸው? ነጥቡን ያነሳልህ የጋብቻ የምስክር ወረቀታችን ነው። በትዳር የተለያዩ ይቅደሙ ተብሎ ነው። ኮፒውን አስነስቼ፣ ማህተም አስመትቼ፣ ሁለት ቀን ወረፋ ቆሜ የላክሁልህ እኔ ነኝ። አንተ ያንን ይዘህ ሄደህ ሌላ ሰው ዳርክበት!

ያም ሳያንስ ካቻምና ነሐሴ ደውለህ «ዘንድሮም አልደረሰኝም» አልከኝ። አለቀስኩ። «አይዞሽ፣ እንጸልይ» ብለህ በስልክ አብረን ጸለይን። አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው። ምን ብለህ ነው የጸለይከው? እግዚአብሔርኮ ሰምቶን ነበር፤ ሰጥቶን ነበር። «ይቅርብን» ብለህ የመለስከው አንተ ነህ። የጸሎት ቡድኑ እህቶች ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ስማችንን ያነሳሉ። ምን ልበላቸው? ተሰጥቶን ነበር፣ ባሌ ለጓደኛው ሰጠው ልበል?

ዓመቱን ሙሉ መምህራን ክፍል ውስጥ ደጉ ከፊት ለፊቴ ይቀመጥ ነበር። ያንተ ወንበር ላይ! አንዴ «አንተስ በምን ዕድልህ ነው ቶሎ የደረሰህ?» ብዬ ስቀልድበት ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ። ዓይነ አፋር ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ያውቃል። ኦሪትም ታውቃለች። ሙሽራና ሙሽሪት የሚያውቁትን የቤቴን ጉዳይ እኔ በማይክራፎን ሰማሁ።

እሑድ ለመልሱ ሁሉም ሲራወጥ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ድስት ወደሚታጠብበት ጎትቼ ወሰድኩህ። እንዴት እንደነበር አንተም ታስታውሳለህ።

«ካቻምና ደርሶህ ነበር?» አልኩህ።

«ማን ነገረሽ?» አልከኝ።

ማን ነገረሽ! አራት መቶ ሰው የሰማውን ማን ነገረሽ!

«ልነግርሽ ነበር እኮ ቤቲዬ። ቀኑ አልመች እያለኝ ነው።»

«ዓመት ሙሉ?»

«እነሱ ሊፈርስባቸው ነበር። እኛማ ተጋብተናል፤ የት እንሄዳለን?»

ወረቀቱን ላወጣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ይህችን ስትናገር እዚያው ተውኩት። ከወዲያ «ሚዜው! አንደኛ ሚዜ! ፎቶ!» አሉ። «መጣሁ» ብለኸኝ ሄድክ። ድስት የምታጥበዋ ሴት አንዴ አንተን አንዴ እኔን አየችና በርጩማዋን ገፋ አደረገችልኝ። ተቀምጬ ጠበቅኩህ። ሦስት ትልልቅ ድስት አጥባ ስትጨርስም አልመጣህም። ተነሥቼ መናኸሪያ ሄድኩና የተገኘው መኪና ላይ ወጣሁ። ማታ የላክህልኝ መልእክት ምን ይላል? «ደህና ገባሽ? ፎቶ ላይ ፈልገውሽ ነበር።» ፈልገውሽ ነበር! አንተስ?

የት እንሄዳለን ላልከው ልመልስልህ። የትም አንሄድም። እሱ ነው የቸገረኝ። አንተ ጫግኒ ሙቀት ውስጥ ለብቻህ፣ እኔ ዳንግላ ብርድ ውስጥ ለብቻዬ፣ የትም ሳንሄድ ሦስት ዓመት። የኦሪት ቤተሰቦች ትዳር አይባልም ያሉትን ነገር እኔና አንተ ይዘን ተቀምጠናል። እነሱ ለልጃቸው ያሰቡላትን ያህል አንተ ለኔ አላሰብክልኝም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ላንተ ነው።

ክፉ ነህ አላልኩም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የወደድኩህም በዚሁ አመልህ ነው። ትዝ ይልሃል፣ ከባሕር ዳር ስንመጣ፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ቦርሳዬን አቅፌ ስቆም፣ ማንም ሳይጠይቅህ ተነሥተህ «ተቀመጪ» ያልከኝ? እስከ ዳንግላ ድረስ ቆመህ መጣህ፣ በየመታጠፊያው ከጣሪያው ጋር እየተጋጨህ። የዚያን ቀን «ይህን ሰው ያገባች ታድላለች» አልኩ በልቤ። አላወቅኩም። የተቀመጥኩበት ያንተ ቦታ ነው፤ ካገባሁህ በኋላ የምትለቀው ግን የሁለታችንን ቦታ ነው። ለኔ የነገርከኝ አንድ ቀን የለም። ብትነግረኝ ኖሮ ምን እንደምልህ እንጃ፤ ምናልባት ሁለት ቀን አልቅሼ «ይሁን፣ ይጋቡ» እልህ ነበር። ያን ዕድል ነው የነሳኸኝ። እትዬ እመቤት ያመሰገኗት ብርቱ ሴት መሆን እችል ነበር፣ ማን ጠየቀኝ?

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ተጠባባቂዋ ዓይናለም ትባላለች፤ አዲስ ቅዳም ነው የምታስተምረው። ባሏ ጫግኒ እህል ይነግዳል፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። ስልኬን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ትናንት ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ቦታሽን ልቀማሽ አይደለም፤ ሳትፈርሚ ስለቆየሽ ምናልባት ካልፈለግሽው ብዬ ነው» አለች። «ዓርብ ይታወቃል» አልኳት።

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እንጅባራ መምሪያው በር ላይ ነኝ። ከጫግኒም ከዳንግላም የሚመጣ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ሩቅ ነው አትበለኝ። መጥተህ፣ ሰው ሳይጠራህ፣ ስልክህን ሳታነሳ፣ «ቤተል፣ ጫግኒ ነይልኝ» በለኝ። በአፍህ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ብለኸኝ አታውቅም፤ «ይሆናል፣ ይደርሰናል» ነው የምትለኝ። ካልከኝ እዚያው እፈርማለሁ፣ ዓይናለምን እኔው ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጣህ ግን ቦታውን ለሷ ለቅቄላት ወደ ዳንግላ እመለሳለሁ፣ ለዝውውርም ዳግመኛ ፎርም አልሞላም። እሷም ባሏ ዘንድ ትገባለች፣ ልጆቿም አባታቸውን ያያሉ። ደግ ሥራ ነው፤ ከማን እንደተማርኩት ታውቃለህ። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እኔ አስቀድሜ ነግሬሃለሁ።

ሚስትህ
ቤተል

ማሳሰቢያ፦ ዓርብ ከጫግኒ ስትነሣ በሌሊት ተነሥ፣ ሚኒባስ ቶሎ ይሞላል። ከተቀመጥክ በኋላም አሮጊት ትምጣ፣ ነፍሰ ጡር ትምጣ፣ ደጉ ራሱ ይምጣ፣ ሌላው ይነሣላቸው። ጢሞ፣ ለዚህች ለአንድ ቀን ብቻ፣ ቦታህን ለማንም እንዳትለቅ።